ከምግቡ ጎን መጫወቻም ይኑር
(ለገና መዋጮ በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ በኮሚቴው የተሰጠ ንግግር)



እንደሚታወቀው የገና በዓል እየተቃረበ በመሆኑ ለችግረኛ ቤተሰቦች ልጆች መዋጮ ልናሰባስብ ነው። በዚሁ ላይ አንድ ክርክር ተነሥቷል። ገንዘቡ በሙሉ ለዱቄትና ለዘይት ይዋል ወይስ መጫወቻም ይገዛበት? «ለተራበ ልጅ ኳስ ምን ያደርግለታል?» ያሉ አሉ። ነገሩ እውነት አለው። ሆኖም ከመወሰናችን በፊት ይኸው ክርክር የተነሣበትን አንድ የቆየ የሥዕል ታሪክ ልናጫውታችሁ ወደድን። የዳክዬ ተረት ነው ብላችሁ አትናቁት።

ታሪኩን የደረሰውና የሣለው አሜሪካዊው ካርል ባርክስ ሲሆን፣ የወጣውም እ.ኤ.አ. ለጥር 1952 በታተመ፣ በ10 ሳንቲም ይሸጥ በነበረ የልጆች መጽሔት ነው። የዶናልድ ዳክ ሦስት የእህት ልጆች በደሳሳ ጎጆዎች ሰፈር ሲያልፉ ልብሳቸው የነተበ፣ ፊታቸው የጠወለገ ሕፃናት ያያሉ። ነገሩ ከነከናቸው። «ለእነዚህም በዓል ይሁንላቸው» ብለው ተነሡ። ለዚህ 50 ዶላር ጎደለ፤ ግማሹ ለግብዣው ምግብ፣ ግማሹ ለመጫወቻ ባቡር መግዣ።

ወደ ሀብታሙ አጎት ወደ ስክሩጅ ተኬደ። ይህ ሰው ስሙ የተወሰደው ቻርልስ ዲከንስ በ1843 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የገና ታሪክ ውስጥ ካለው ገብጋባ ነው። ገንዘቡ አንድ ትልቅ ጎተራ ሞልቶ ሳለ፣ «ለምግቡ 25 ዶላር እሰጣለሁ፤ ለባቡሩ ግን ሌላ ሰው ያምጣ» አለ። ባቡር ለእሱ ከንቱ ነገር ነዋ!

ኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ጎተራው ከመጠን በላይ ሞልቶ ስለነበር ወለሉ ተደረመሰና ያ ሁሉ ገንዘብ ከሥር ወዳለው ዋሻ ገባ። የዋሻው መሬት ስስ በመሆኑ ከባድ ነገር ቢገባበት ገንዘቡ ጨርሶ ሊሰምጥ ሆነ። ታዲያ ሳያናውጥ ገብቶ የሚያወጣለት ምን ተገኘ? ያ የናቀው የመጫወቻ ባቡር! ባቡሩ መጀመሪያ ጭኖ ያወጣው ገንዘብ ለልጆቹ ተሰጠ፤ የድሆቹም ሰፈር በዓሉን በደስታ አከበረ።

ባርክስ ስብከት አልሰበከም። ስክሩጅ ምግብ ይቅደም ማለቱም ስሕተት አልነበረም። የሳተው ድሃ ልጅ ሆድ ብቻ ያለው አድርጎ መቁጠሩ ላይ ነው።

ይህ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን በዓሉንና ጨዋታውን በአንድ ስም «ገና» ብለው ጠርተዋቸዋል። እረኛው ዱላውን ይዞ እሩሩን ሲያሳድድ የዋለበት ቀን ነው። ዱቄቱና ዘይቱ በእናት እጅ ያልፋል፤ ልጁ ከድስቱ ይቀምሰዋል እንጂ የእኔ ነው አይለውም። ኳስ ይዞ ደጅ የወጣ ልጅ ግን ጓደኞቹ ሲጫወቱ ጥግ ይዞ አያይም፤ እሱም ያጫውታቸዋል።

ስለዚህ ኮሚቴያችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። ምግቡ ይቅደም፤ ከእሱ ላይ አይቀነስ። ለመጫወቻው የሚሆነው ለብቻው ይዋጣ፤ ገንዘብ የሌለው ኳስ መስፋት ወይም የገና ዱላ መጥረብ ይችላል። ሲሰጥም ልጆቹ በሰልፍ ቆመው ስማቸው አይጠራ። በወላጆቻቸው በኩል በዋዜማው ማታ ይድረሳቸው። ከእናትና አባቱ እጅ የተቀበለ ልጅ አንገቱን አይደፋም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እንግዲህ ውሳኔው የእናንተ ነው፤ ሐሳባችሁን ስጡበት።

መልካም በዓል ይሁንልን።