ፊቱ የማይፈታ ሰው ምን ይባላል?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ ልንነጋገርበት የመረጥነው ነገር ማኅበራችን ዘወትር ከሚከራከርባቸው ጉዳዮች የራቀ ይመስላል። ስለ ቃላት ነው፤ ይኸውም ደስታውንም ሆነ ኀዘኑን፣ ቍጣውንም ሆነ ፍርሃቱን በፊቱ ላይ ለማያሳይ ሰው ስለምናወጣለት ስም ነው። በየመኝታ ቤቱ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ስም ካወጣንለት በኋላ ግን ስለ እርሱ ማሰብ እንተዋለን። ይህን ርእስ እንድናነሣ ያደረገንም ይኸው ነው።

አማርኛችን በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ቁጥብ፣ ረጋ ያለ፣ የሰከነ፣ ጭምት፣ ኮስታራ፣ ቆፍጣና እንላለን። ደግሞም ፈዛዛ፣ ደነዝ፣ ልበ ደንዳና፣ በድን፣ ግዑዝ፣ አይሞቀው አይበርደው እንላለን። እነዚህ ሁሉ የሚናገሩት ስለ አንድ ዓይነት ፊት ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲያመሰግን ሌላው ይሰድባል፤ የሚለያየው ተመልካቹ ነው።

ቃላቱ ከየት እንደ መጡ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጻል። ቁጥብ ከቁጠባ ጋር ዘመድ ነው፤ ሰውዬው ገንዘብ እንደሚቆጥብ ሁሉ ቃሉንና ፈገግታውን ይቆጥባል። የሚቆጥብ ሰው ደግሞ የሚቆጥበው ነገር አለው ማለት ነው። ረጋ ያለ የምንለውም ከእርጎ ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው፤ የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል የሚለው ተረትም ይህን ያስታውሳል። የሰከነ የምንለው አተላው ወደ ታች ወርዶ ጠላው ሲጠራ የምንናገረውን ነው። እነዚህ ሦስቱ ውስጡ ባዶ ነው አይሉም፤ እንዲያውም ውስጡ ሥራ ላይ ነው ይላሉ።

ወደ ስድቡ ስንሻገር ደነዝ ያልተሳለ ቢላዋ ነው። ደንዳና ወፍራም ግንድ ነው፤ በልብ ላይ ሲነገር ደግሞ ፈርዖንን የሚያስታውስ ከባድ ክስ ነው። በድን ሬሳ ነው። እስቲ አስቡት፤ አብሮን ምሳ የሚበላውን፣ ማስታወሻ የሚያውሰንን ልጅ ሬሳ ብለን ስንጠራው አንደነግጥም!

በእኛ ግምት አባቶቻችን ለዚህ ጉዳይ የተሻለ መድኃኒት ነበራቸው፤ ስሜትን በፊት ላይ አያስቀምጡም ነበርና። አማርኛ ስሜትን የሚያኖረው በሆድና በአንጀት ነው። ሆዱ ባባ፣ አንጀቱ ተላወሰ፣ አንጀቱ ራሰ ይባላል። የሚችል ሰው ሆደ ሰፊ ነው፤ ቶሎ የሚከፋው ሆደ ባሻ ነው። ሊነገር የማይቻል ነገር ሲመጣም ሆድ ይፍጀው ይባላል። ፊት ግን የሚቋጠርና የሚፈታ ነገር ነው። እናቶቻችን ሳንቲማቸውን በነጠላቸው ጫፍ እንደሚቋጥሩ ሁሉ ሰውም ፊቱን ይቋጥራል፤ የቋጠረ ሰው ምንም የለውም ያለ ማን ነው? ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ሆዱ እየነደደ ሊስቅ ይችላልና። ጥርስ ባዳ ከሆነ ፊትስ ከዚያ የተሻለ ዘመድ ነውን?

በዚህ ላይ ቃላቱን የምናድለው በእኩልነት አይደለም። ወንዱ የማይስቅ ሲሆን ኮስታራ፣ ቆፍጣና ተብሎ ይከበራል፤ ኀላፊነትም ይሰጠዋል። እኅታችን ያንኑ ፊት ይዛ ስትመጣ፣ ዐይኗን ወደ መሬት ካደረገች ጨዋ፣ ቀና ብላ ካየች ኩራተኛ ትባላለች። ለእርሷ ቆፍጣና የሚለው ቃል ከአፋችን የሚወጣው ስንት ጊዜ ነው? እኅቶቻችን ይመልሱልን።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የለቅሶ ጊዜ ነው። ባህላችን በሹም ፊትና በሽማግሌ ፊት መቆጠብን ያስተምረናል፤ በለቅሶ ቤት ግን ጮኾ ማልቀስን፣ ደረት መድቃትን ይጠብቃል። ያላለቀሰ ሰው ይታማል። እንግዲህ አንድ ተማሪ በትምህርቱ መካከል መርዶ ተነግሮት፣ በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ክፍል ገባ እንበል። ልበ ደንዳና ነው ይባላል፤ ከዚያም በኋላ የሚጠይቀው የለም። ሐሜቱም ሲደርሰው ይበልጥ ይቋጥራል። ቃሉ ፈረደበት፤ እኛም ፍርዱን ፈጸምን።

ቃል እንዲህ መገልበጡ የእኛ ብቻ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ዜኖን በአቴና ባለሥዕሉ በረንዳ ሥር ያስተማረው ትምህርት እስቶይክ ተባለ። በዚህ ትምህርት አፓቴያ የሚባለው ነገር አእምሮን ከሚያናውጥ ምኞትና ፍርሃት ነጻ መውጣት ነበር፤ የጠቢብ ሰው ማዕርግ ነበር። ያው ቃል እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ አፓቲ ሲሆን ግድየለሽነት ማለት ሆነ። ምስጋናው ስድብ ሆኖ ቀረ።

ሐኪሞችም በበኩላቸው ልናውቀው የሚገባ ነገር ነግረውናል። የለንደኑ ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በጻፈበት፣ ዛሬም በስሙ በሚጠራው በሽታ የፊት ጡንቻዎች ይገትራሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም ይቀንሳል፤ ሰውዬው ደስ ሲለው እንኳ ፊቱ እሺ አይለውም። በየመንደራችን ያሉ አንዳንድ አረጋውያን ተቈጥተው ሳይሆን ታመው ይሆናል። በቦስተን ይሠራ የነበረው የግሪክ ተወላጅ የአእምሮ ሐኪም ፒተር ሲፍኔዎስ ደግሞ አሌክሲታይሚያ የሚል ስም አወጣ፤ ለስሜት ቃል ማጣት እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሰው ልቡ ሲመታ፣ ሆዱን ሲቈርጠው ይሰማዋል፤ ይህ ፍርሃት ይሁን ኀዘን ግን ለይቶ ለመናገር ይቸገራል። ድባቴ የያዘው ሰውም እንባው ሊደርቅና ፊቱ ሊፈዝ ይችላል። እርሱን ፈዛዛ ብሎ ማለፍ ትኵሳት ያለውን ሰው ሙቅ ነው ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

ጭምት ሁሉ በሽተኛ ነው አላልንም። ዝምታን የሚወድ ሰው ዝምታው ይከበርለት፤ እየጎተጎቱ ሳቅ የሚሉትን እኛም አንወድም። ልዩነቱን ለማወቅ ግን ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ከመጀመሪያው ቁጥብ የነበረና ሲጫወት የኖረ ሆኖ ድንገት ዝም ያለ ሰው አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ለየመኝታ ቤቱ ተጠሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ስለ አንድ ጓደኛችን ለማኅበሩ ስታስታውቁ ዝምተኛ ነው፣ ደንዳና ነው፣ በድን ነው አትበሉ። ያያችሁትን ንገሩን፦ ሦስት ቀን እራት አልበላም፤ ሌሊት አይተኛም፤ ከቤት ደብዳቤ ከመጣለት ወዲህ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ከዚያ በፊትም አንዳችሁ ሻይ ጋብዙት። ካልተናገረም ዝም ብላችሁ አብራችሁት ጠጡ፤ በማግስቱም ተመለሱ።

ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያላችሁ አሁን ልትናገሩ ትችላላችሁ፤ በተለይም ከየአገራችሁ ያልጠቀስናቸውን ቃላት ብትጨምሩልን ደስ ይለናል።