ከመሠረቱ በፊት ደብተሩ

አንዲት እናት በእርሻ መሬታቸው ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሊሠሩ ድንጋይ ካስከመሩ በኋላ፣ ቦታው በከተማ ፕላን ክልል ውስጥ መግባቱን ሰሙ። ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ፎቅ የሌለውን ትንሽ መኖሪያ ቤት በምድብ «ሀ»፣ በቀላሉ ምድብ፣ አስቀምጦት ነበር። ብዙዎችን የሚያስቸግረው ወሰኑ ነው፤ ፈቃዱን የሚጠየቀው የከተማው ጽሕፈት ቤት ነው ወይስ የገጠር መሬት አስተዳደሩ? ይህን አስቀድማችሁ ከቀበሌያችሁ የመሬት ባለሙያ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

የይዞታ ደብተራችሁንም ግለጡ። መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ከሆነ የሁለቱም ስም ሊሰፍርበት ይገባል። የእኒያ እናት ደብተር የሟች ባለቤታቸውን ስም ብቻ የያዘ ስለ ነበር፣ ይዞታው በስማቸው እስኪዛወር ማመልከቻቸው አልታየም። ክረምቱም ደረሰባቸው።