የጡት ካንሰር የያዛቸው ወንዶች



የጡት ካንሰር ወንድንም ይይዛል። ይህን ሲሰማ ከሁሉ በላይ የሚደነግጠው ታማሚው ራሱ ነው። ወንድ ልጅም ከጡቱ ጫፍ ሥር ጥቂት የጡት ሕብረ ሕዋስ አለውና በሽታው ከዚያ ይነሳል። ከ100 የጡት ካንሰር ሕሙማን ወንዱ አንድ ቢሆን ነው። ዛሬ መናገር የምሻው ስለዚህ አንድ ሰው ኑሮ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የዘፋኟ የቢዮንሴ አባት ማቲው ኖልስ በ2019 የለበሰው ነጭ ከነቴራ ላይ ነጥብ የምታህል ደም አየ። ምንም አይደል ብሎ ተወው። በማግስቱም አየ። በሦስተኛው ቀን ግራ ገባው። ለካ ባለቤቱም አንሶላው ላይ ያንኑ ነጥብ አይታ ኖሯል። ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ማሞግራፊ የተባለውን የጡት ራጅ ተነሣ፣ ናሙና ተወሰደለት፣ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት። ኖልስ ቀደም ሲል በዜሮክስ ኩባንያ የሕክምና ዘርፍ የጡት ምርመራ መሣሪያ ይሸጥ የነበረ ሰው ነው። ያን ነጥብ ንቆ ያላለፈው በዚህም ይመስለኛል።

ሌላው ወንድ ይህ ዕውቀት የለውም። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚጀምረው ከጡት ጫፍ ሥር በሚወጣ፣ በማያምም ጠጣር እብጠት ነው። ስለማያመው ይተወዋል፤ ሥራ ላይ የተመታሁት ነው ይላል፤ ለሚስቱም አይነግርም። የወንድ ጡት ስስ በመሆኑ ግን ዕጢው ቆዳውና የደረቱ ጡንቻ ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። አንዳንዱ ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የብብቱ ንፍፊት ጭምር አብጦ ይገኛል።

ከዚያ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ማሞግራፊ ክፍል በር ላይ ሴቶች መካከል ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ስሙ ተጠርቶ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሚስቱን በዓይኑ ይፈልጋል። የሚሰጠው ቅጽ የወር አበባው መቼ እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንዳረገዘ ይጠይቀዋል። የወንዶች የጡት ካንሰር በአብዛኛው ኢስትሮጅን በተባለው ሆርሞን የሚያድግ ስለሆነ ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን ለዓመታት ይታዘዝለታል። ክኒኑ አንዳንዱን ሌሊት ላብ በላብ ያደርገዋል፤ የወሲብ ፍላጎቱንም ይቀንስበታል። ይህን ለሐኪሙ መናገር ያፈረ ሰው መድኃኒቱን በድብቅ ያቆማል። እኔን ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ዕድሜውን ሊያረዝምለት የሚችለው ክኒን ቤቱ ተቀምጦ እያለ ኀፍረት ይቀድመዋል።

ዝናም ከዚህ ኀፍረት አያድንም። ሪቻርድ ራውንድትሪ «ሻፍት» በተባለው ፊልም የወንድነት ምሳሌ ሆኖ በዓለም የታወቀ ተዋናይ ነበር። በ1993 ይኸው በሽታ ሲያገኘው ሥራ አጣለሁ ብሎ ፈራ፤ ለዓመታትም ሸሸገው። የቀድሞው የአሜሪካ ሴናተር ኤድዋርድ ብሩክ ግን በ2003፣ በ83 ዓመታቸው፣ ሁለቱም ጡቶቻቸው በቀዶ ሕክምና እንደተወገዱ በአደባባይ ተናገሩ። ሌሎች ወንዶች እንዲነቁ ብለው ነው። ትልቅ ድፍረት ነው እላለሁ።

ምርምሩም ወንዱን ለረጅም ጊዜ ዘንግቶት ኖሯል። አዳዲስ መድኃኒቶች ይሞከሩ የነበሩት በአብዛኛው በሴቶች ላይ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ወንዶችም በሙከራዎቹ እንዲካተቱ የሚያሳስብ መመሪያ ያወጣው በ2020 ነው።

ወደ ኖልስ ልመለስ፤ እሱ ላይ የተገኘው ለበሽታው የሚያጋልጥ ቢአርሲኤ 2 የሚባል የዘረ መል ለውጥ ነው። ከአባትም ከእናትም ይወረሳል፤ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም የመውረስ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። በዚህ አዳራሽ እናቱ ወይም እህቱ በጡት ካንሰር የታመመችበት ወንድ ካለ ለሐኪሙ ይንገር። አባቱ ወይም አጎቱ የታመመበት ደግሞ ለእህቶቹና ለሴቶች ልጆቹም ይንገር፤ ለእነሱ መረጃው ይበልጥ ያስፈልጋቸዋል።

እናንተም ታሞክሲፈን የምታዝዙ ሐኪሞች፣ ወንድ ታካሚያችሁ ለክትትል ሲመጣ ስለ ትዳሩና ስለ ፍላጎቱ እሱ እስኪያነሳ አትጠብቁ። እናንተው ጠይቁት።