በየከተማው ስንት ሌሊት እንደር?

ለሁለተኛው የጣሊያን ጉዞ ለተመዘገቡ አባላት በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ለጉዞው የተመዘገባችሁ ሁሉ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ነገር አንድ ነው፤ «በየከተማው ስንት ቀን እንቆያለን?» የሚል። ዛሬ መልስ ይዘን ቀርበናል። ከመልሱ በፊት ግን እኛ አስተባባሪዎቹ ያለብንን ጥፋት በግልጽ መናገር ይገባናል።

የመጀመሪያውን ጉዞ ስናሰናዳ «ይህን ሁሉ የእቁብ ገንዘብ ከፍለን ከሄድን አንድም ከተማ አይቅርብን» አልን። በ9 ሌሊት 6 ከተማ ደለደልን፤ ሮማ 2፣ ናፖሊ 1፣ ፍሎረንስ 2፣ ፒሳ 1፣ ቬኒስ 1፣ ሚላኖ 2። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ያምር ነበር። ግን ምን ዋጋ አለው? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነ።

ከተጓዦቹ መካከል አንዲት እናታችን ነበሩ። አባታቸው የአክሱም ሰው ነበሩና ሐውልቱ በወረራው ዘመን ሲወሰድ በልጅነታቸው አይተዋል። እናታችን እቁቡን የጣሉትም «ሮማ ላይ የቆመበትን ቦታ በዓይኔ ልየው» ብለው ነው። ሳያዩት ተመለሱ። ሮማ 2 ሌሊት ማደር ማለት አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ማግኘት ነውና፣ እሱም ቀን በቫቲካን ሰልፍ አለቀ። አገራችን ስንገባ «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፤ የባቡር ጣቢያውን ሁሉ አሳያችሁኝ» አሉን። ሳቅን፤ ነገሩ ግን እስካሁን ከልባችን አልወጣም። ዘንድሮ ልጆቻቸው አዋጥተውላቸው እንደገና ተመዝግበዋል። ጉልበታቸው ግን የያኔው አይደለም፤ ሦስተኛ ዕድል ይኖራል ብለንም አናስብም።

እንግዲህ ስሕተታችን የቱ ላይ ነበር? ቀን ቆጠርን እንጂ ሌሊት አልቆጠርንም። ከሮማ ፍሎረንስ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ «ይህማ ምን አላት» ያሰኛል። ነገር ግን ሻንጣ መሸከፍ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ክፍል የሚለቀቀው በጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ሲሆን አዲሱ ክፍል የሚሰጠው ከቀትር በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ነው፤ ጣቢያ መድረስ፣ መጠበቅ፣ አዲሱን ማረፊያ መፈለግ አለ። አንድ ከተማ መለወጥ ግማሽ ቀን ይበላል። እኛ 5 ጊዜ ለወጥን፤ ሁለት ቀን ተኩል በሻንጣ ላይ አለቀ ማለት ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሮማ 4 ሌሊት፣ ፍሎረንስ 3፣ ቬኒስ 2። ያው 9 ሌሊት ነው፤ የከተማ ለውጡ ግን 2 ብቻ ይሆናል።

ሮማ ለምን 4? የመጀመሪያው ቀን የመድረሻና የማረፊያ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ለቫቲካን፤ ሙዚየሙ ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ዝግ ስለሆነ ቀኑን አስቀድመን እንመርጣለን። አንድ ቀን ለኮሎሲየምና ለጥንቱ የሮማ አደባባይ። ከዚያ በእግር ቀስ ብለን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ እንወርዳለን። በ1930 ዓ.ም. ሐውልታችን የተተከለው እዚያ ነው፤ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንጻ ፊት ለፊት። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. አገሩ ገብቷል፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ እንደገና ቆሟል። ስለዚህ የምናየው ሐውልቱ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ነው። ሐውልቱ ከዚያ መነሣቱን ማየቱም ትልቅ ነገር ነው። አራተኛው ቀን ነፃ ይሁን፤ የደከመው ይረፍ፣ ፖምፔይን ማየት የፈለገ በናፖሊ በኩል ደርሶ ማታ ይመለስ፤ ባቡሩ እስከ ናፖሊ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ፍሎረንስ በእግር የምትዳረስ ከተማ ናት። ኡፊዚ የተባለው የሥዕል ቤትና የሚኬላንጄሎ ዳዊት የሚገኝበት አካዴሚያ ሁለቱም ሰኞ ዝግ ናቸው። አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ኖሮን ሰኞ ላይ ቢውል ዘበኛ አይተን መመለሳችን ነው፤ 3 ሌሊት ካደርን ግን ሁለት ሙሉ ቀን አለን። ፒሳም አትቀርም፤ ሻንጣችን ፍሎረንስ ተቀምጦ በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ዘንበል ያለውን ግንብ አይተን ማታ እንመለሳለን። በ1441 እ.ኤ.አ. የኢየሩሳሌም መነኮሳቶቻችን ለጉባዔ የመጡት ወደዚችው ፍሎረንስ መሆኑንም እናስታውስ።

ቬኒስ መኪና የሌለባት ከተማ ናት፤ ድልድዩ ሁሉ ደረጃ ነው፤ ሻንጣ ይዞ መውጣትና መውረድ ለሽማግሌ ፈተና ነው። አንድ ሌሊት አድሮ በነጋታው ሻንጣ ማንሳት አያዋጣም። ቀን ቀን በሰው ብዛት መተላለፊያ ይጠፋል፤ የዋለው ሁሉ ሲመለስ ምሽቱና ማለዳው ለሚያድር ሰው ይቀራል። ደግሞም ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተወሰኑ ቀናት ውሎ የሚመለስ እንግዳ የመግቢያ ገንዘብ ይከፍላል፤ የሚያድር ግን ከዚህ ነፃ ነው። ከቬኒስ ሚላኖ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሆነ፣ በሮማ ገብተን በሚላኖ ብንወጣ ወደ ኋላ መመለስ ይቀርልናል። ለዚህም የመልሱ በረራ የማታ መሆን አለበት።

ወጣቶቻችን «ዳግም ላንሄድ ናፖሊና ሚላኖ ለምን ይቀራሉ?» ብላችሁናል። ቅሬታችሁ እውነት ነው፤ የሚቀር ነገር አለ። ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ነው በተለይ አጥብቆ ማየት ያለበት። ስድስት ከተማ አይተን የነገራችሁን የለም፤ ሲነግሩን የምንሰማው ስለ አንድ ማለዳ፣ ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በመጨረሻም፣ ለቪዛ ማመልከቻ የየከተማው ማረፊያ ማስረጃ አብሮ ስለሚቀርብ፣ የምንወስነው አሁን ነው፤ ኋላ መለዋወጥ ያስቸግራል። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ «ይህን ሳላይ ብመለስ ይቆጨኛል» የምትሉትን አንድ ቦታ፣ አንድ ብቻ፣ በወረቀት ጽፋችሁ ለጸሐፊው ስጡ። መጻፍ የማይችል በቃሉ ይንገረን። ሌሊቱን የምንደለድለው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። የእናታችንን ወረቀት ግን ከአሁኑ ከሁሉ በላይ አስቀምጠነዋል።