ያልወጣ ገንዘብ ሁሉ የተቆጠበ አይደለም
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር



በየዓመቱ በዚህ ሰዓት ከፊታችሁ የምቆመው የገቢና የወጪ ሒሳብ ላነብላችሁ ነው። የዘንድሮው ሒሳብ ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አልደግመውም። የተሰጠኝን ሰዓት ስለ አንድ ወጪ ብቻ ልናገርበት ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ። ወጪው የመኪናችን የፍሬን ጥገና ነው። «ሒሳብ ሠራተኛ በፍሬን ጉዳይ ምን አገባት?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ዓመቱን የጀመርኩት እንደዚያው ብዬ ነበር። ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንደምታውቁት ፒካፓችን በሳምንት ሁለት ጊዜ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ትመላለሳለች። ስትወርድ ድንችና ባቄላ፣ ስትመለስ ሽንኩርትና ማንጎ ትጭናለች። ጣርማ በር ላይ ያለውን ዋሻ ካለፍን በኋላ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ተነስተን፣ በደብረ ሲና በኩል ጥምዝምዙን ወርደን ቆላ እንገባለን። በዚያ ሁሉ ቁልቁለት መኪናዋን ከነጭነቷ የሚይዛት ፍሬን ነው።

ጥቅምት ላይ ሾፌራችን ቢሮዬ መጡ። «ልጄ፣ የፊት ፍሬን ሸራው እያለቀ ነው። ፍሬን ስይዝ ይጮሃል። ይቀየርልኝ» አሉኝ። ዋጋም ጠይቀው ነበር። ሸራው 4800 ብር፣ የእጅ ዋጋ 800 ብር፣ በድምሩ 5600 ብር። የዚያ ሩብ ዓመት የጥገና በጀት ግን ለጎማ ወጥቶ አልቋል።

«ጋሼ፣ እስከ ጥር ይታገሡን። መኪናዋ ፍሬን ሲይዙ ትቆም የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ለጊዜውማ ትቆማለች» አሉኝ።

እኔ «ትቆማለች» የሚለውን ሰማሁ፤ «ለጊዜው» ያሉትን አልሰማሁም። ማመልከቻቸው ላይ «ወደሚቀጥለው ሩብ ዓመት ይተላለፍ» ብዬ ፈረምኩ። በወሩ ሪፖርቴም 5600 ብሩን «የተቆጠበ» ብዬ አስገባሁት። ማንም አልተቃወመኝም፤ እንዲያውም ተመስግኜበታለሁ።

ታኅሣሥ ላይ የሸዋ ሮቢቱን ዕቃ ለመቁጠር እኔው ራሴ በመኪናዋ ወረድኩ። ከኋላ ወንበር ሁለት እህቶቻችን ነበሩ፤ ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ዋሻውን አልፈን መውረድ እንደጀመርን ከፊት ጎማ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። ከዚያ ሾፌራችን ፍሬኑን ሲረግጡት እግራቸው ወለሉ ድረስ ሰመጠ።

አልጮኹም። ደጋግመው እየረገጡ ማርሹን ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ ወደ አንደኛ አወረዱት። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያሉ ሳቡና መኪናዋን ከገደሉ በተቃራኒ ወዳለው ጠጠር አስጠጓት። ከኮረብታው ሥር ካለው አፈር ጋር ተጋጭታ ቆመች። መከላከያዋ ተጎነበሰ፤ እኛ ግን ምንም አልሆንንም። የእህቶቼ ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም። እኔ የማስበው ያንን ፊርማዬን ነበር።

ጎማው ይጨስ ስለነበር አንድ ልጅ ውኃ በጀሪካን ይዞ ሮጦ መጣ። ሾፌራችን ከለከሉት። በጣም የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስ ብረቱ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። የጋለ ፍሬን መኪናዋን አቁሞ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ መተው ነው። ይህን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

መኪናዋ ጋራዥ ስትገባ እኔም አብሬ ሄድኩ። መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ ሁሉንም አንድ በአንድ አሳየኝ። እንዳስረዳኝ ላስረዳችሁ።

ከፊት ጎማ በስተጀርባ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር ክብ ብረት አለ፤ ዲስክ ይባላል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ የፍሬኑ ዘይት በቱቦ ተገፍቶ ሁለት ሸራዎችን ከግራና ከቀኝ በዲስኩ ላይ ያጣብቃል። መኪናዋ የምትቆመው በዚያ ፍትጊያ ነው። ፍትጊያው ሙቀት ይፈጥራል፤ ያን ሙቀት ውጦ ለነፋስ የሚሰጠው ዲስኩ ነው። መኪና ስትቆም ክብደቷ ወደፊት ስለሚያጋድል ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው። የእኛ መኪና ከኋላ ዲስክ የላትም፤ ታምቡር ነው ያላት።

ሸራው እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ ሲሆን ከ10 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ውፍረት ይኖረዋል፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲወርድ መቀየር አለበት። ብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ቀጭን ብረት ትገጠማለች። ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች ትጮሃለች። ሾፌራችን በጥቅምት የሰሙት ጩኸት እሱ ነበር፤ «ቀይሩኝ» እያለ ነበር። እኛ ስላልቀየርነው ሸራው ጨርሶ አለቀና የተለጠፈበት ብረት ዲስኩን እንደ ሞረድ ይሞርደው ጀመር።

ዲስኩም በጊዜው ያልቃል፤ የሚያልቅበት ወሰን ግን ተጽፎለታል። የእኛ መኪና ዲስክ አዲስ ሲሆን 25 ሚሊ ሜትር ነው። ከ23 በታች ማውረድ እንደማይቻል ብረቱ ላይ ታትሟል። መካኒኩ በመለኪያ ሲለካው 22 ሚሊ ሜትር ከነጥብ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ፊቱም ጣት የሚያስገባ ቦይ አውጥቷል። እኔ በሒሳብ ቋንቋ ገባኝ። ከ25ቱ ሚሊ ሜትር ልናወጣው የተፈቀደልን ሁለቱን ብቻ ነው። ሃያ ሦስቱ የማይነካ መጠባበቂያ ነው። እንደ እድር ገንዘብ፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ። የሳሳ ዲስክ ያን ያህል ሙቀት መሸከም አይችልም። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ይተላለፋል። ዘይቱ ደግሞ በዕድሜው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ የሚፈላበት ደረጃ ይወርዳል። የእኛው ዘይት መኪናዋ ከመጣች ጀምሮ አልተቀየረም ነበር። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሲረግጡት ይጨመቃል እንጂ ሸራውን አይገፋም። የሾፌራችን እግር ወለል የነካው ለዚህ ነው።

«ቶርኖ ቤት ወስደን ብናስልጠውስ?» አልኩት፤ አሁንም ገንዘብ ላድን ነው። መካኒኩ ሳቀ። ማስላጥ ፊቱን ያስተካክላል፤ ግን ያሳሳዋል። ከተላጠ በኋላ ከወሰኑ በላይ የሚቀር ዲስክ ይላጣል፤ ቀድሞውኑ ከወሰን በታች የወረደ ግን መጣል ብቻ ነው ያለው አለኝ። አንዱን ብቻ መቀየርም አይሆንም። ግራና ቀኙ እኩል ካልያዙ መኪናዋ ወደ አንድ ወገን ትጎትታለች። ስለዚህ ሁለቱም ዲስኮች ከአዲስ ሸራ ጋር ተቀየሩ።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ሁለት ዲስክ 19000 ብር፣ ሸራ ዋጋው ጨምሮ 5200 ብር፣ የፍሬን ዘይት 1300 ብር፣ የእጅ ዋጋ 3000 ብር። በድምሩ 28500 ብር። ዲስኩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መኪና ተከራየን። አራት ጉዞ በ6000 ብር ሲታሰብ 24000 ብር ነው። ጠቅላላ 52500 ብር። ይህ ሁሉ የወጣው እኔ «ተቆጠበ» ብዬ በጻፍኩት 5600 ብር ምክንያት ነው፤ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ማለት ነው። የአራት ሰው ነፍስ ግን በየትኛውም የሒሳብ መደብ አይገባም።

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ያ 5600 ብር ቁጠባ አልነበረም። በመዝገብ ያልሰፈረ ዕዳ ነበር። ወለዱንም በየቁልቁለቱ ስንከፍል ቆይተናል።

ከዚህ በኋላ በመኪናዋ የምትሳፈሩ ሁሉ እነዚህን ምልክቶች እንድታውቋቸው እፈልጋለሁ፤ መንጃ ፈቃድ አይጠይቁም። ፍሬን ሲያዝ ቀጭን ጩኸት ከተሰማ ሸራው እያለቀ ነው። ብረት የመፋጨት ድምፅ ከሆነ አልቋል፤ መኪናዋ መሄድ የለባትም። ፍሬን ሲረገጥ መሪው ወይም መርገጫው ከተንቀጠቀጠ የዲስኩ ውፍረት ዙሪያውን እኩል ላይሆን ይችላል። መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከጎተተች፣ መርገጫው ከለሰለሰ፣ ወይም የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ለሾፌሩ ንገሩ። መኪናዋ አድራ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ በቸርኬው ቀዳዳ በኩል ጠርዙን በጣት መዳሰስ ይቻላል፤ ጎልቶ የቆመ ከንፈር ካለው ዲስኩ ተበልቷል፣ ይለካ። ከጉዞ በኋላ ግን እንዳትነኩት፤ ያቃጥላል።

አዲስ ዲስክ ሲገጠምም የሚደረግ ጥንቃቄ አለ። ከፋብሪካ የተቀባው ዘይት ይታጠባል፤ የሚቀመጥበት ቦታ ዝገቱ ይጠረጋል፤ የጎማው ቡሎኖች በተራ ሳይሆን በትይዩ፣ እኩል ይጠብቃሉ። ከዚያ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ባዶ መንገድ ላይ ፍጥነትን በልክ እየቀነሱ ሸራውና ዲስኩ እንዲላመዱ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ድንገተኛ አያያዝ አይፈቀድም። ቁልቁለት ላይ ደግሞ አሮጌው የሾፌሮች ምክር አይሻርም፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ሞተሩ ሲይዛት ፍሬኑ ያርፋል።

በመጨረሻ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ጉባኤው እንዲያጸድቅልኝም እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ የሸዋ ሮቢት ጉዞ ገቢ ላይ 250 ብር ለጥገና ብቻ በተለየ ሒሳብ ይቀመጥ። በሳምንት ሁለት ጉዞ ሲታሰብ በዓመት 26000 ብር ይሆናል። ለሌላ ጉዳይ፣ ለበዓልም ቢሆን፣ አይነካ።

ሁለተኛ፣ መኪናዋ ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ። በየ5000 ኪሎ ሜትሩ የሸራውና የዲስኩ ውፍረት ተለክቶ ይጻፍ፤ የፍሬኑ ዘይትም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር።

ሦስተኛ፣ ሾፌራችን «ፍሬኗ ልክ አይደለም» ካሉ መኪናዋ አትንቀሳቀስ። ይህን ቃል የማኅበሩ ሊቀ መንበርም ሆነች ሒሳብ ሠራተኛ በፊርማዋ መሻር አትችልም ተብሎ በመተዳደሪያ ደንባችን ይግባ።

ለጋሾቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ላስቸግር። መኪና ስትሰጡን ደስታችን ትልቅ ነበር፤ ምስጋናችንም ያው ነው። ወደፊት ግን መኪና በሚሰጥበት በጀት ውስጥ የሸራና የዲስክ መቀየሪያም ይኑርበት። በሪፖርታችን የጥገና ወጪ ከፍ ብሎ ስታዩም «አባክነዋል» አትበሉን፤ እየጠበቅናት ነው።

ሾፌራችንን በዚያው ሳምንት ቢሯቸው ሳይሆን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። «አንቺ ወረቀቱን ነው ያየሽው፣ እኔ መንገዱን። ከአሁን በኋላ አብረን እንይ» አሉኝ። ዛሬ በእናንተም ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእጃችሁ ባለው ሒሳብ ገጽ ሦስት ላይ፣ «የተቆጠበ» ይል የነበረው መስመር ተሰርዟል።