ተጋጣሚያችን አስተማሪያችን

ዛሬ የማጫውታችሁ በጃፓን ስላሉ የሰፈር የኬንዶ ክበቦች ነው። ኬንዶ ማለት «የሰይፍ መንገድ» ማለት ነው። አይዟችሁ፣ ሰይፉ አይቆርጥም፤ ሺናይ የሚባል፣ ከ4 የቀርከሃ ፍልጥ የተሠራ ዱላ ነው።

ልጆቹ ከልምምድ በፊት ወለሉን በጨርቅ ይወለውላሉ። ከዚያም ትልቅ ትንሽ ሳይባል ሁሉም ተንበርክኮ እጅ ይነሳል። ጀማሪው የራስ ቁርና የደረት መከላከያ ከማድረጉ በፊት አረማመድና አመታት ደጋግሞ ይለማመዳል። በኋላ የ10 ዓመት ልጅ ከ70 ዓመት አዛውንት ጋር ሊገጥም ይችላል። ሲያበቃ ቀርቦ ያመሰግናቸዋል፤ እሳቸውም የጎደለውን ይነግሩታል።

በጣም የሚገርመው ግን ይሄ ነው፦ በውድድር ላይ ነጥብ ያገኘ ሰው እጁን አንስቶ ከፈነጠዘ ዳኞቹ ነጥቡን ሊሰርዙበት ይችላሉ! ለምን ብትሉ፣ ከመታ በኋላም ንቁ መሆንና ተጋጣሚውን ማክበር አለበት። ደግሞስ ተጋጣሚ ባይኖር ከማን ጋር ይማር ነበር?

እስቲ እኛም ራሳችንን እንጠይቅ። በኳስም ሆነ በክፍል ውጤት ስንበልጥ፣ የተበለጠው ጓደኛችን ነገ ተመልሶ ከእኛ ጋር መሆን ይፈልጋል ወይስ አንገቱን ደፍቶ ይቀራል? መልሱ ያለው በእጃችን ነው።