ስለ ቤት መብራትና ስለ ኃይል ቆጣቢ አምፖል
በቆቦና በራያ ቆላ ለሚገኙ መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



የመብራት ሽቦ በደረሰበት አገር ሁሉ ስለ ኃይል ቆጣቢው አምፖል ሁለት ዓይነት ነገር ይነገራል። አንዱ ወገን ወጪን ያቀልላል ብሎ ያመሰግነዋል፤ ሌላው ወገን በውስጡ መርዝ አለበትና ከሕፃናት ጋራ በአንድ ጣራ ሥር ሊያድር አይገባም ይላል። ሁለቱም ያለ ምክንያት አልተናገሩምና ነገሩን በሚዛን ማየት ይገባል።

የቀድሞው አምፖል የሚያበራው በውስጡ ያለው ቀጭን ክር ሲግል ነው። ነገር ግን ከሚበላው ኃይል ከመቶ 95 ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ በቆቦ ሜዳ ደግሞ ሙቀት በገንዘቡ የሚገዛ ሰው የለም። 60 ዋት የሚበላው የክር አምፖል በየማታው 5 ሰዓት ቢበራ በ30 ቀን 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ይቆጥራል። ያንኑ የሚያህል ብርሃን የሚሰጠው ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ ግን 13 ዋት ብቻ ስለሚበላ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም። ይህም ትርፍ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ2001 ዓ.ም. ኃይል አንሶ መብራት በፈረቃ ይሰጥ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ርዳታ የክሩን አምፖል እየተቀበለ በሚሊዮን የሚቆጠር ኃይል ቆጣቢ ለሕዝብ ያደለው ስለዚህ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጥልቅ ጉድጓድ የመስኖ ውኃ የሚስቡት ሞተሮችም የሚሠሩት በዚሁ በኤሌክትሪክ ነው።

መርዝ የተባለው ባዜቃ ነው። በአንድ ጥምዝምዝ አምፖል ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ የትኩሳት መለኪያ በሆነው በቀድሞው የባዜቃ ቴርሞሜትር ውስጥ ግን 500 ሚሊ ግራም ያህል ይገኝ ነበር። አምፖሉም ሳይሰበር ባዜቃው አይወጣም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሲሰበር ነው፤ ምክንያቱም ባዜቃ በዓይን የማይታይ ተን ሆኖ ወደ ሳምባ ይገባል። በዚያን ጊዜ መስኮትና በር ተከፍቶ፥ ልጆችና ከብቶች ወጥተው፥ ሩብ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከዚያ በኋላ ስብርባሪው በወፍራም ወረቀት ይታፈሳል፤ ደቃቁ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ጨርቁም ሳይቀር ክዳን ባለው ጠርሙስ ይታሸጋል። መጥረጊያ ትቢያውን ስለሚበትነው አይነካውም። በእሳት ማቃጠል ወይም በውኃ ጉድጓድ አጠገብ መጣል ከሁሉ የከፋ ነው።

ይህን ፈርቶ ወደ ኩራዝ የሚመለስ ሰው ቢኖር ግን ትንሹን አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ ሄደ። የላምባ ጢስ የሚጎዳው አንድ ቀን በድንገት ሳይሆን በየማታው ነው፤ በኩራዝ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የሚያጠና ልጅ አፍንጫው ውስጥ የሚያገኘው ጥቀርሻ ምስክር ነው። የሣር ክዳን ባለበትና የማሽላ አገዳ በደጅ በሚከመርበት ቤት ኩራዝ ቢገለበጥ ምን እንደሚሆን ለራያ ሽማግሌ መንገር አያስፈልግም።

ዛሬ ደግሞ ሦስተኛ ምርጫ አለ፤ ይኸውም ኤል ኢ ዲ የሚባለው አምፖል ነው። ባዜቃ የለበትም፤ 9 ዋት ያህል በልቶ የ60 ዋቱን ብርሃን ይሰጣል፤ የመብራት ሽቦ ባልደረሰበት መንደርም በፀሐይ ኃይል ይሠራል። ርካሹና ስም የለሹ ግን ቶሎ ይሞታልና ዋስትና ያለውን መግዛት ይሻላል። በጃፓን አገር ሚናማታ በምትባል ከተማ በባዜቃ የተመረዘ ዓሣ የበሉ ብዙ ሰዎች ተጎድተው ነበር። በዚያች ከተማ ስም የተጠራው የመንግሥታት ስምምነት በ2014 ዓ.ም. ባደረገው ጉባኤ፥ 30 ዋትና ከዚያ በታች የሆነው ጥምዝምዝ አምፖል ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ በአባል አገሮች እንዳይሠራና ከአገር ወደ አገር እንዳይሸጥ ወሰነ።

በየቤቱ ተሰቅሎ ያለውን ደህና አምፖል በዚህ ምክንያት አውርዶ መጣል አይገባም፤ ዘመኑን እስኪጨርስ ያብራ። ሲጠፋ ሳይሰበር ወርዶ ኤል ኢ ዲ ይተካበት። መምህራንም በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከልጆች እጅ የራቀ፥ ክዳን ያለው አንድ ቆርቆሮ ቢያኖሩና «የሞተ አምፖል» ብለው ቢጽፉበት፥ የመንደሩ ሰው አምፖሉን በየጓሮው ከመወርወር ወደዚያ ያመጣዋል።